ሠላሳ ስምንት ገጽ ለአሥራ አንድ ፍየል

ብራስልስ፣ ሐሙስ

ማሪየት ሆዴ፣

"እዚያ ስትደርሺ አፍሽ ይያዛል" ያልሽው አልቀረም፣ ተያዘ! ባለሥልጣናቱ ሕግ እናቅልል ብለው አይብ ሠሪዎችን በጠሩበት አዳራሽ ተራዬ ሲደርስ ንግግሬ ሁሉ ጠፋኝ። ቢቸግረኝ ያንን ሠላሳ ስምንት ገጽ የአይብ ሥራ ፈቃድ ቅጽ አውጥቼ ላረቀቀው ሰውዬ፣ ለአቶ ዮሪስ ሰጠሁት።

"እስቲ እርስዎ ይሙሉልኝ፤ እኔ አቅቶኝ አይብ ቤቴን ልዘጋ ነው" አልኩት።

ፈገግ ብሎ ብዕሩን አወጣ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፈገግታው ጠፋ። ዘጠነኛው ላይ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ "ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?" አለው።

"አንተው አይደለህ እንዴ የጻፍከው!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን ተነስቶ፣ "ወይዘሮ ክሎቲልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። የኛ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ከሚል ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል! አንቺ አልቃሻ የምትይኝ እኔ፣ እዚያው አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ አብረን ቁጭ ብለን ስንሰርዝ ዋልን። ለትንንሾቹ አይብ ሠሪዎች አራት ገጽ ብቻ ቀረ፤ አዲሱ እስኪጸድቅም በአሮጌው ቅጽ አያስገድዱንም።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ባልሽን ሳሚልኝ፣ አንቺንም ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜሻለሁ። ቅዳሜ ፍየሎቼን ሊገዛ ለሚመጣው ሰውዬ፣ "አትሸጥም" በይልኝ።

ክሎቲልድ