ዘመድ የሌለው ሰው ፍለጋ

ነሐሴ 2፣ ከሰዓት

ዛሬም አልተገኘም። ሐጂ ቃሲም ከሳጉሬ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ። እህል ነጋዴው ሐጂ ናቸው ይህን የታዛቢ ነገር የጀመሩት። በምርጫው ቀን ከሳጥኑ አጠገብ የከተማው ሰው ይቁም፤ ከግዛት ጽ/ቤትም ያልሆነ፣ የተወዳዳሪም ያልሆነ። ሰዉስ ሞልቷል። የቸገረን የታዛቢዎቹ አለቃ ነው። ሐጂ ዘመድ የሌለው ካልሆነ አሉ፤ በደምም፣ በጋብቻም፣ በክርስትናም፣ በጉዲፈቻም። አርሲ ላይ! የሳጉሬው ሽማግሌ የአንዱ ተወዳዳሪ የክርስትና አባት ሆነው ተገኙ። የኦጎልቾው ደግሞ የሌላው አጎት። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ስም እጽፋለሁ፣ ስም እሰርዛለሁ።

መ. ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ማስታወሻዬ፣ ለሌላው ሰው የሒሳብ አስተማሪው መርጊያ ነው፣ ላንቺ ግን መ. ብቻ። ጾሙ ሲፈታ ሐጂን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባባ ይልካል። ቀኑ አልሄድ አለኝ።

ነሐሴ 5

ዘመድ የሌለው ከፈለጋችሁ መ. አለላችሁ አልኩ። ነቀምቴ ተወልዶ ነቀምቴ ያደገ፣ እዚህ የአክስት ልጅ እንኳ የሌለው። ሐጂ ጉልበታቸውን መቱ። ሁሉም ተስማማ። መ. አቀረቀረ፤ እኔ በሱ ፈንታ ኮራሁ።

ስንወጣ በአንድ ጃንጥላ ተጠለልን፣ ሰው አየን አላየን። ሽማግሌውስ? አልኩት። አባትሽ ተወዳዳሪ አይደሉ፣ ምን አገናኘው አለ። እውነቱን ነው። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ነሐሴ 8፣ ጠዋት

ጉድ ፈላ። አባባ ትናንት ተመዘገቡ! ለማንም ሳይናገሩ። ባላገሩ ለመነኝ ይላሉ። ማንም አልለመናቸውም፤ የጎረቤታችን መወዳደር ነው ያንገበገባቸው። ፊደል ለማያውቀው መራጭ ምልክታቸው በሬ ነው። ራት ላይ ደስታቸው የሕፃን ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ።

ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ከጸሐፊነቱ ወጣሁ። የተወዳዳሪ ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች።

ነሐሴ 11

አወጣሁ አወረድኩ። አባባ ካሸነፉ በኋላ መ. ሽማግሌ ቢልክ፣ በልጃቸው ገዙት ይባላል። ቢሸነፉ ደግሞ ያዋረደኝ ሰው ልጄን አያገባም ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። አሁኑኑ ቢልክ አለቃነቱ ቀረ። ሌላ ሰው የለም፣ ሳጥኑን የገዥው ዘበኞች ብቻ ይጠብቁታል።

ናፈቀኝ። እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ይናፍቃል? ይናፍቃል እንጂ። ጠመኔ የለበሰ እጁ። አስካለ የሚለውን ስሜን አስካል ብሎ ሲያሳጥረው። ዛሬ በት/ቤቱ በር አለፍኩ፣ ክረምት ነው፣ ዝግ ነው፣ ዝግ መሆኑንም አውቅ ነበር።

ነሐሴ 14

መ. መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ዝናቡ ለጉድ ነው። ገና አልማልኩም፣ ተው በይኝና ልተወው አለ። ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይመጣል፤ "ማል ጎና፣ አስካል?" ምን እናድርግ ይለኛል፣ እኔን! ተናደድኩ። ለምን በኔ ላይ ይጥለዋል? ወዲያው አሳዘነኝ። ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

በሐጂ ደንብ አለቃው ከመማሉ በፊት በሕዝብ ፊት ይቆማል። ዝምድናውን የሚያውቅ ካለ፣ በጋብቻ ልትዛመደው ያሰበችም ካለች፣ ይናገር ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። የተነገረበት ይወርዳል። አንድ ቃል ብናገር የኔ ነው ማለት ነው። መልሴን እዚያው ትሰማለህ አልኩት።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ቤት ሙሉ ሥጋ ይሸታል። አልበላሁም፤ እማማ አመመሽ ወይ ትላለች። ሐጂ ዛሬ ነበር የሚመጡት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ትነሳለች፣ አመሏ አልለቃት አለ። ለሰው ብነግር ይስቅብኛል።

ነሐሴ 19

ገበያው ዳር ተሰበሰብን። የጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ነው። አባባ ከፊት ቆመዋል፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር። መ. ወጣ። አዲስ ኮት። ለሽማግሌው ቀን ያሰፋው ኮት።

ሐጂ ጠየቁ። ደገሙ። መ. እኔን ብቻ ያያል። በሦስተኛው አፌን ከፈትኩ፣ እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። አጠገቤ ያለችው፣ ከጮሌ ወረዳ የመጣችው ሴት ለጓደኛዋ፣ ዘንድሮስ ሳጥኑን የሚጠብቅልን ሰው አገኘን ትላለች። ዘጋሁት።

መ. ማለ። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ሰዉ ዓይን አፋር ነው አለ። የኔ ጌታ!

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ስለሱ አውርተው አልጠግብ አሉ። ጨዋ ነው፣ ዓይኑ አይዋሽም አሉ። ትንሽ ሄደው ቆሙና፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሽማግሌ ቢልክብኝ እኮ እምቢ አልልም ነበር አሉኝ።

አዎን አባባ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።