አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ የት እንደገባ የጠየቁት የወይዘሮ እፀገነት ተክለሃይማኖት የሕይወት ታሪክ (1929–1982 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እፀገነት ተክለሃይማኖት አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ኅዳር 21 ቀን 1929 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አቶ ተክለሃይማኖት ወልደየስ ፒያሳ ውስጥ የታወቁ ሰዓት ሠሪ፣ እናታቸው ወይዘሮ የሺዓለም በዳኔ ደግሞ የቤት እመቤት ነበሩ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት ወይዘሮ አዳነች ታናሽ እህታቸው ናቸው።

በልጅነታቸው ከቤት ይልቅ የአባታቸውን ሱቅ ያዘወትሩ ነበር። አባታቸው የፈቱትን ሰዓት ብልቶች በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረው ያስቆጥሯቸዋል። ቁጥሩ ካልሞላ ሰዓቱ አይገጠምም፤ የጠፋችው ብሎን እስክትገኝ አባትና ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይፈልጋሉ። ዘመዶች ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች ብለው ሲወቅሱ፣ አባታቸው ዓይኗን ተውሼ ነው ይሉ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1944 ዓ.ም. ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1948 ዓ.ም. በጽሕፈት መኪና፣ በአጭር ጽሕፈትና በእንግሊዝኛ ቋንቋ ጥሩ ውጤት አግኝተው ተመረቁ። ሦስት ዓመት በአንድ ጠበቃ ቢሮ ከሠሩ በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ፣ ሕንፃው ሁለት ጊዜ ቀለም ሲቀባ፣ እርሳቸው ሳይለወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ።

ጥር 1952 ዓ.ም. የመሬት ቀያሽ ከነበሩት ከአቶ አጽብሐ ካሕሳይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ዓለምጸሃይን፣ ገብረክርስቶስንና ሓዳስን ወለዱ። አቶ አጽብሐ ዝምተኛ፣ እርሳቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ጎረቤት በሁለቱ መካከል ጠብ ተሰምቶ አያውቅም ይላል፤ ልጆቻቸው ግን አንድ ጊዜ ሦስት ቀን የቆየ ዝምታ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

ወይዘሮ እፀገነትን ብዙ ሰው ያወቃቸው በመሥሪያ ቤታቸው ሳይሆን በቤታቸው ነው። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታቸው፣ ከመስኮቱ ሥር አንዲት አሮጌ የጽሕፈት መኪና አስቀምጠው ከሥራ መልስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስድስት ኪሎና የአራት ኪሎ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ይተይቡ ነበር። የሕግ ተማሪው የግርጌ ማስታወሻ ያበዛባቸዋል። ለመሐንዲሱ መኪናው ላይ የሌሉትን ምልክቶች በቀጭን ብዕር በእጃቸው ይሥሉለታል። የንግድ ሥራ ተማሪው ከወረቀቱ የሚሰፋ ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል፤ የትምህርት ተማሪው የበተነው መጠይቅ ሁሉ በአባሪ ካልገባ ብሎ ይለምናል። እርሳቸው ያልገባቸውን አይተይቡም ነበርና ሁሉም እየተቀመጠ ጥናቱን ያስረዳቸዋል። ዛሬ ትልቅ ቦታ ከደረሱት አንዱ፣ የመጀመሪያው ፈታኜ እትዬ እፀገነት ነበሩ፣ እንደርሳቸው ያስጨነቀኝም የለም ብለውናል።

ከተየቡት ሁሉ አንድ የካርቦን ቅጂ ያስቀሩ ነበር። ዝናብ አለ፣ አውቶቡስ ላይ መርሳት አለ ይላሉ። በእርግጥም ጽሑፉን አውቶቡስ ላይ ጥሎ እያለቀሰ የመጣ የምሕንድስና ተማሪ በዚያች ቅጂ ተመርቋል።

በጥር 1969 ዓ.ም. ሲራጅ ኢስሃቅ የተባሉ የሥነ ሕይወት ተማሪ ረቂቃቸውን ይዘው መጡ። አቶ ሲራጅ የወሎ ልጅ ናቸው። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ ወደዚያው ወደ ወሎ ተመድበው ሳለ፣ ገበሬው ማሽላውን በሚያከማችባቸው ጉድጓዶች ውስጥ እህሉ በየወሩ ምን ያህል እንደሚበላሽ ሲለኩ ቆይተው ነበር። አርባ ስምንት ጉድጓድ መርጠው ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ሠንጠረዡ ላይ ግን ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ የሚመጣው አሥራ ስምንት ነበር። ወይዘሮ እፀገነት መተየባቸውን አቁመው አሥራ ሰባተኛው የት ገባ ብለው ጠየቁ። አቶ ሲራጅ የጉድጓዱ ባለቤት የነበሩት አዛውንት ሞተው ቤተሰቡ ማሽላውን ለሰደቃ እንዳወጣው፣ እርሳቸውም ሌላ ጉድጓድ ተክተው ቁጥሩን መሙላት እውነት እንዳልመሰላቸው ነገሯቸው። ወይዘሮ እፀገነት ይህን ከሠንጠረዡ ግርጌ እንዲጽፉት መከሯቸው፤ ተጻፈ። ጽሑፉ በየካቲት አልቆ አቶ ሲራጅ ዋናውንና አንዱን ቅጂ ይዘው ሄዱ።

አቶ ሲራጅ በመጋቢት ተያዙ። ዘመኑ የሚታወቅ ነው፤ ዝርዝሩ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። በግንቦት የቤት ለቤት አሰሳው የድልድዩ ሰፈር ሲደርስ፣ እንደ ብዙው ቤት ወይዘሮ እፀገነትም ብዙ ወረቀት አቃጥለው ነበር። የአቶ ሲራጅን ግን አላቃጠሉም። የጽሕፈት መኪናዋ ቀበሌ የተመዘገበች ብትሆንም ፈታሾቹ ወረቀቱን ሁሉ ማየት ፈለጉ። መሣሪያ የያዘው ወጣት የአቶ ሲራጅን ቅጂ ከቁም ሳጥኑ ሲያወጣ፣ እርሳቸው ከእጁ ተቀብለው፣ ስሙ ያለበትን የፊት ገጽ አልፈው፣ መሀሉን ገልጠው ሰጡት።

«ስለ ማሽላ ነው» አሉት። «ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚበላሽ ይናገራል።»

ወጣቱ ቁጥሮቹን ትንሽ አየና እርሱም የባላገር ልጅ እንደሆነ፣ የእነርሱም ጉድጓድ ክረምት ክረምት ውሃ እንደሚገባው ነግሯቸው ወረቀቱን መለሰላቸው።

ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ አለፈ። በ1975 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ በአገር አቀፍ ጉባኤ የሚያቀርቡትን ጥናት እንዲተይቡ ሰጧቸው። ርዕሱ ስለ ማሽላ ክምችት ነበር። ወይዘሮ እፀገነት ደስ ብሏቸው ጀመሩ። ሠንጠረዡ ላይ ሲደርሱ ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ አሥራ ስምንት አገኙ። ከግርጌው ማስታወሻ የለም፤ የሲራጅ ኢስሃቅም ስም የለም። ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተው በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ የት ገባ?»

ኃላፊው የቁጥር ስህተት መሆን አለበት አሉና «ይዝለሉትና ቁጥሩን አያይዘው ይተይቡት» ብለው መለሱላቸው። ሰው ራሱ የለካውን ጉድጓድ አይረሳም። ወይዘሮ እፀገነት የጠረጠሩትን ያረጋገጡት ያን ጊዜ ነው። የአቶ ሲራጅ ሥራ እንዴት ኃላፊው እጅ እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የእኚህን ሰው ስም እዚህ አናነሣም፤ ወይዘሮ እፀገነትም ቤታቸው ውስጥ እንኳ አንስተውት አያውቁም።

ልጆቻቸው የሚያስታውሱት የሦስት ቀን ዝምታ ይህ ነው። አቶ አጽብሐ ነገሩ እንዲቀር ፈለጉ። ሲራጅ ገና እስር ቤት ናቸው፤ የታሰረ ሰው ወረቀት ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ማንም ያውቃል፤ ዓለምጸሃይ የመልቀቂያ ፈተና የምትወስድበት ዓመት ነው። ወይዘሮ እፀገነት አልተከራከሩም። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ጠየቋቸው።

«አንተ ብትሆን፣ ባለቤቱ የለም ተብሎ የሰው ወሰን ድንጋይ ታነሣለህ?»

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አቶ አጽብሐ ራሳቸው ቅጂውን ከቁም ሳጥኑ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። እርሳቸው እያነበቡ ወይዘሮ እፀገነት ከመሥሪያ ቤት ቀድተው ባመጡት የኃላፊው ሠንጠረዥ ላይ ምልክት እያደረጉ አርባ ሰባቱን መስመር አመሳከሩ። በአንድም ቁጥር አልተለያየም።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ እፀገነት ኃላፊውን ብቻቸውን አግኝተው የሠንጠረዡ ባለቤት ማን እንደሆነ እንደሚያውቁ ነገሯቸው፤ ስሙ ከተጻፈ በደስታ እንደሚተይቡት፣ ካልተጻፈ ግን እጃቸው እንደማይነካው ገለጹ። ሥራው ለሌላ ጸሐፊ ተሰጠ። እርሳቸውም ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ያለ ስም ይጻፍ ነበር፤ የእርሳቸው ግን ሙሉ ስማቸው ከነፊርማቸው ነበረበት። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ተይበው አያያዙ። ስድብም ክስም አልነበረበትም። የቀረበው ጥያቄ፣ የሌላ ሰው ልኬት ሲጠቀስ የለካው ሰው እንዲጠቀስ ብቻ ነው።

ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ ጠራቸው። የጠየቋቸው ግን ስለ ሠንጠረዡ አልነበረም። የታሰረ ሰው ጽሑፍ ስድስት ዓመት ያህል ለምን ደብቀው አስቀመጡ የሚል ነበር። እርሳቸውም አለመደበቃቸውን፣ አሳሾችም አይተው መመለሳቸውን ካስረዱ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«የታሰረው ልጁ ነው እንጂ ማሽላው አልታሰረም።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው በሳል እንደሸፈኑት ይነገራል። ውሳኔው ሲወጣ ጥናቱ ለተጨማሪ ማጣራት በሚል ከጉባኤው ተነሣ። ጥፋተኛ የተባለ ሰው የለም። ወይዘሮ እፀገነት ግን ከጸሐፊነት ተነሥተው የንብረት ክፍል መጋዘን ረዳት ሆነው ተመደቡ። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ለሦስት ዓመት መጥረጊያና የፋይል አቃፊ አደሉ። አንዳንድ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ይሻገሩ ነበር። ይህ ቅር ያሰኛቸው እንደነበር ልንሸሽግ አንወድም፤ ለእህታቸው ከመጋዘኑ ይልቅ የሰላምታው መቅረት ነው የከበደኝ ብለዋል።

አቶ ሲራጅ በ1978 ዓ.ም. መስከረም ተፈቱ። ወላጆቻቸው በሥጋት የእርሳቸውን ወረቀት ሁሉ አቃጥለው ነበርና፣ የሁለት ዓመት ልፋታቸው ጨርሶ እንደጠፋ አምነው ተቀምጠዋል። ወደ ድልድዩ ሰፈር የመጡትም ወይዘሮ እፀገነትን ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ቅጂውን ሲሰጧቸው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ሲጨርሱ «እትዬ፣ ገጽ 31 ላይ አንድ ፊደል ተገድፏል» አሉ።

ወይዘሮ እፀገነት ወረቀቱን ነጥቀው አዩ፤ እውነት ነበር። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ዓለምጸሃይ እናቷ ሲያለቅሱ ያየችው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ትናገራለች።

አቶ ሲራጅ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1980 ዓ.ም. ተመረቁ። ጥናታቸው በሚቀጥለው ዓመት በአንድ የምርምር መጽሔት በስማቸው ታተመ፤ ስለ አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ የተጻፈው ማስታወሻም እንዳለ ወጣ። ወይዘሮ እፀገነት በምስጋናው ውስጥ ስማቸውን ሲያዩ ታይፒስት ለሥራዋ አይመሰገንም ብለው ተቆጥተዋል፤ መጽሔቱን ግን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ቀድሞ የጸሐፊነት ሥራቸው ተመልሰው ነበር። ይቅርታ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም አልጠበቁም።

በ1981 ዓ.ም. ክረምት የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ ሕመሙ ጸንቶባቸው ጥር 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ የካቲት 1 ቀን በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የተየቧቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ርዕስ የጻፉበት ደብተር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል። ትናንት ለቅሶ ቤት ከተቀመጡት ብዙዎቹ በዚያ ደብተር ውስጥ አሉ። አቶ ሲራጅ ኢስሃቅም ዜናውን እንደሰሙ ከደሴ ተነሥተው ደርሰው ከቤተሰቡ ጋር ቆመዋል።

ወይዘሮ እፀገነት የአንድ ወንድ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን አቶ አጽብሐን፣ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውን ወይዘሮ አዳነችን፣ ወንድሞቻቸውንና እንደ ልጅ ያዩአቸውን ተማሪዎች ትተው ሄደዋል።

ሕመሙ በጸናባቸው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚጽፈው ጠይቀው ነበር። እኔ መሆኔን ሲሰሙ ሁለት ነገር አዘዙኝ፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ያላደረጉትም እንዳይጻፍ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ጠብቄአለሁ። የመጀመሪያውን አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

እውነተኛ ፈራጅ የሆነው አምላክ ነፍሳቸውን በጻድቃኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለአቶ አጽብሐና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይላክልን። አሜን።