አፍ ይዞ ኳስ ማየት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። ወገቤማ… ተይው። ቤት ስደርስ ልጄ የበረኛ ጓንት አጥልቃ ራት ልትበላ ትታገላለች። ለትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ሆና ተመርጣለች! አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ጋ እንኳ አልደረሰም። "ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?" አለችኝ። መቅረት አለ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ምን ነካኝ ዛሬ…
የልጄ ቡድን አንድ ለባዶ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ልትመታ መጣች። ልጄ ጎሉ መሐል ብቻዋን። ኳሱ በላይ በኩል ወጣ። እኔም ብድግ ብዬ እልልልል… እየዘለልኩ፣ ልክ እንደ ሰርግ ቤት።
ወላጆቹ በየወንበራቸው ዞረው ያዩኛል። የሳተችው ልጅ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።
አሰልጣኟ ቀስ ብላ መጣች። "አይክፋዎት፣ እዚህ አገር ልጅ ስትስት ደስታ አናሳይም። ጎል ሲገባም ጭብጨባ ብቻ ነው፣ ለሁለቱም ቡድን።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በልጅቷ መሳት መች ተደሰትኩ? ልጄ ተረፈችልኝ ብዬ እንጂ።
አውቶቡስ ውስጥ ልጄ በመስኮት እያየች፣ "እማ… ከእንግዲህ ባትመጪስ?" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ጓንቷን አጥቤ ሰጠኋት፤ ተቀብላኝ ክፍሏ ገባች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ከጎኔ አንሶላ ለምታጥፈው ጓደኛዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሄደሽ አፍሽን ይዘሽ ተቀመጪ።"
ማታ ልጄን ለመንኳት። ትንፍሽ አልልም አልኳት።
"ሙቺ በይኝ።"
እንዴት ብዬ ሙቺ እላታለሁ? "እኔ ልሙት" አልኳት። ተስማማች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች አዳነች! ሻርፔን ነክሼ አጨበጨብኩ። ከጎኔ የተቀመጠ ቴርሞስ የያዘ አባት ሻይ ቀዳልኝ። የእሱ ልጅ ኳስ ስትይዝ ብድግ ሊል ሲል ሻዩ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ለካ እነሱም በሆዳቸው ይጮኻሉ።
ልጄ ግን ስንመለስ ኩርፍ እንዳለች ነበር። አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
አራት ለባዶ ተሸነፉ። የመጨረሻው በእግሮቿ መሐል ሾልኮ ገባ። ወላጆቹ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቃሌን አላጠፍኩም።
ሲያልቅ ልጆቹ ተጨባብጠው ወደየቤተሰባቸው መጡ። እሷ ጎሉ ውስጥ ቆማ ቀረች። ሄድኩላት። ጓንቷን እያወለቅሁላት "አይዞሽ የኔ እናት" አልኳት።
"አፍረሽብኛል አይደል?"
"እኔ? በአንቺ?"
"ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ? ባለፈውም ሳድን ዝም አልሽ። እንደ ሌላው ሰው አጨበጨብሽ።"
"አንቺው አይደለሽ እንዴ ዝም በይ ያልሽኝ?"
"አዎ፣ ግን…" እንባዋ መጣ። "አሁን እልል በይልኝ።"
"አራት ገብቶብሽ?"
"አዎ።"
አንጀቴን በላችው። ዕድሜዬን ሁሉ እልል ያልኩት ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ላሸነፈ ነው። ለተሸነፈ ሰው ብዬ አላውቅም። አሰልጣኟን ዞሬ አየኋት። ኳሶቹን ከረጢት ውስጥ እየከተተች ነበር። ሰምታናለች መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ፊቷን መለሰች።
ልጄን አቅፌ እልል አልኩ። መሐል ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጄ በእጇ እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች።
"እናቴ ናት" አለቻቸው።