ያቃናሁብህ ሽቦ

ውድ ባለቤቴ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ባሮ ሞልቶ ጎደለ፤ አሁን ደግሞ ሊሞላ ነው። ቤታችን እንደነበረ ነው። የመሥሪያ ጠረጴዛህን ግን ነካክቼዋለሁ፤ የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

በባሮ ታች ላለው ለማታር ክሊኒክ የሠራኸው የመገናኛ ሬድዮ አልቆ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። ለተዝካርህ ሰው ከመምጣቱ በፊት ክዳኑን ከፈትኩት። በመዳብ ሰሌዳው ላይ የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ ከመሄጃው ሽቦ ሥር ተለጥፎ፣ እሱ በተጠማዘዘበት ሁሉ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ታውቀኛለህ፤ እኔን ያስተማሩኝ መምህራን መስመር የሳተ ገጽ አስቀድደው እንደገና ያስጽፉን ነበር። የባሌን ሥራ እንግዳ እንዲህ ተዝረክርኮ አያየውም ብዬ፣ አንተው ባስተማርከኝ ብየዳ ሽቦውን ነቅዬ በሰሌዳው ዳር ዳር ቀጥ አድርጌ አዞርኩት። የሥራ ባልደረባህ ኡሞድ አይቶ፣ እትዬ ሬድዮውንም እንደ ደብተር አሰመሩት እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ኮራሁ።

ሬድዮው ማታር ደረሰ። የክሊኒኩ ድሬሰር መድኃኒት ላኩልኝ ሲል እዚህ የተሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ጀልባው ያለ መድኃኒቱ ሄደ፤ አንዲት አራስ በወባ ስትቃጠል ሰነበተች። ተርፋለች። የተረፈችው ግን በእኔ አይደለም።

ሬድዮው ተመልሶ መጥቶ ጠረጴዛህ ላይ ስከፍተው ነገርህ ትዝ አለኝ። ባሮ ዳር ስንሄድ ኢንዳክታንስ የምትለውን ልታስረዳኝ ትደክም ነበር፤ እኔ ደግሞ አነጋገርህን አርም ነበር። የሄደ ኮረንቲ ሁሉ ይመለሳል ትለኝ ነበር። መሄጃውና መመለሻው ከተጠጋጉ አንዱ የሌላውን የማግኔት ኃይል ያበርድለታል፤ ከተራራቁ ግን በመካከላቸው ያለው ስፋት ኮረንቲውን ግትር ያደርገዋል፣ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ እምቢ ይላል፣ ከውጭም ጩኸት ይለቅማል። እኔ ያቃናሁት ሽቦ ዝርክርክ አልነበረም፤ ከጓደኛው ላለመለየት ነበር የተጣመመው።

እንደነበረው መለስኩት። ማታር ጥርት ብሎ ተሰማ። ድሬሰሩ በሬድዮው አመሰገነኝ፤ ምስጋናው ግን አሳፈረኝ። ማታ ማታ የማስበው ሌላ ነው፤ አብረን በኖርንበት ዘመን ስንቱን ያንተን ጠማማ ነገር ሳልጠይቅህ አቅንቼብህ ይሆን?

ያንን ሽቦ ከእንግዲህ አልነካውም። የተጣመመ ነገር ባየሁ ቁጥርም፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት አንተን አስታውሼ፣ ለምን እንደተጣመመ እጠይቃለሁ።

ባለቤትህ እልፍነሽ