ሁለት አልጋ ለአንድ ክፍል

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 3፡00

ቀቢው የሕፃኑን ክፍል ሁለተኛ እጅ መቀባት ጀመረ። መስኮት ከፈትን፤ ነፋሱ አቧራውን ተሸክሞ ገባና እርጥቡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የአዳማ የካቲት ነው፣ ምን ይደረግ። መልሰን ዘጋን። ሽታው አናቴን ሊከፍተው ደረሰ። ቀቢው፣ እህቴ፣ ውጭ ተቀመጪ፣ አለኝ። ማንጎው ሥር ሆኜ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ። ሆዴን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሜ።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ነው። እኔ ቢጫ ብዬ ነበር፤ ወንድም ቢወለድ ሴትም ቢወለድ ያስኬዳል። መ. እምቢ አለ። ባሌ መስፍን በሦስት ዓመት ትዳር ስለ ቀለም ተናግሮ አያውቅም። ሳሎኑ ሲቀባ እንኳ ያየው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሥራው መቂ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከገበሬ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል፤ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። አሁን ለዚህ ቀለም ብሎ ከመቂ ሁለቴ ደወለ። ለምን ወይን ጠጅ? ደስ ይላል። ሌላ መልስ የለውም። ሴት ልጅ አምሮት ይሆናል ብዬ ሆዴ ራራ። ተውኩለት።

የወሊድ ፈቃዴ ሳምንት ሞላው። የሦስተኛ ክፍል ጫጫታ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እማማ አስካለ፣ የመ. እናት፣ መጥተው ዋሉ። ያልተወለደ ልጅ ዕቃ መገዛቱ አይጥማቸውም። መጋረጃውን አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ በጣታቸው ነክተው ለቀቁት። ክፍሉን ግን በእርምጃ ለኩት። የሕፃኑ አልጋ በመስኮቱ በኩል ይሁን፣ በበሩ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይተው አሉ። ለምን ስላቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቦታ መቼም አይከፋም አሉኝ።

ሊያርሱኝ መጥተው ሊያድሩበት አስበው ነው። አርባ ቀን ከእሳቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር። እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጠኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

መ. ነገ አልመጣም አለ። መቂ ጭነት በዝቷል። እሺ። እግሬ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ጫማ አልገባ ብሎኝ በነጠላ ጫማ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሁሉ ደህና ነው። ነርሷ ረጅም መንገድ እንዳትሄጂ አለችኝ። የት እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ከሰዓት 9፡00

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እኩለ ቀን ላይ አናጢው በጋሪ አልጋ ይዞ መጣ። አንዱ የሕፃኑ፣ ያዘዝነው። ሌላው ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ራስጌው ላይ አበባ የተቀረጸበት። ይሄ የእኛ አይደለም፣ ተሳስተሃል አልኩት።

"አልተሳሳትኩም እህቴ። ይሄ የትልቋ ነው።"

"የየትኛዋ ትልቋ?"

"የልጃችሁ። አባትዋ ቅዳሜ ይዟት መጥቶ የለ። ያላለቀው አልጋ ላይ ተኝታ ቁመቷን ለካኋት። አበባውን የመረጠችውም እሷ ናት።" ሳቀ። "ወይን ጠጅ ቀለም የለህም ወይ ብላ ስታስቸግረኝ ዋለች።"

ፊቴን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ስንት ዓመቷ ነው አልኩት። ስድስት ወይ ሰባት ትሆናለች አለ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። አልጋዎቹን አስገብቶ፣ ገጣጥሞ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።

ቅዳሜ። ጭነት በዝቷል ባለኝ ቅዳሜ አዳማ ነበር። ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ስልኩን አላነሳሁም። መ. አሥራ አራት ጊዜ ደወለ። ክፍሉን ቆልፌዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16። ቅበላ

ትናንት ማታ መጣ። ሁሉን ተናገረ። ተጎልጉሎ ነው የወጣው፣ ሳልጠይቀው አንድም አይናገርም።

ልጅቷ ሲፈን ትባላለች። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ። ከእኔ ጋር ከመተዋወቁ በፊት እህል ይጭን በነበረ ጊዜ አርሲ ነገሌ የተወለደች። እናትዋ ዓረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ከጠፋ ሁለት። የምታሳድጋት የእናትዋ እናት ናት፣ አዴ ሸጊቱ። አሁን የአያትየዋ ዓይን እየደከመ ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ልጅቷ እኛ ጋ ትመጣለች። ተወስኗል። መቼ ልትነግረኝ ነበር አልኩት።

"ከወለድሽ በኋላ። ልብሽ ሲራራ።"

ዛሬ እማማ አስካለ ለቅበላው መጡ። ያውቁ ነበር። እህቱም ታውቅ ነበር። ድስቱን ከፍተው ወጡን ቀመሱና፣ ልጅቷ ምን አጠፋች ልጄ፣ አሉኝ። ምንም አላጠፋችም። እሷ አጠፋች ያለ ሰው የለም። ስለ ልጅቷ ጥፋት ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ስለ ልጃቸው ጥፋት የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ይህ ቤት አባቴ ጡረታ ሲወጣ በላቡ የሠራው ነው። የእኔ ነው። በገዛ ግድግዳዬ ላይ ቀለም ሲመርጡብኝ ከርመዋል።

ምሳ አልበላሁም። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲራገጥ ዋለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

መ. ሰኞ ወደ መቂ ሄደ። የሚነግረኝን ማመን አልቻልኩም። ዓይኔ እየደከመ ነው ያለችው ሴትዮ ዓይኗ ደክሟል? ልጅቷስ የእውነት አለች? እማማ አስካለን አዴ ሸጊቱ የት ናት አልኳቸው። ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ስሟን ብትጠሪ ሁሉ ያሳይሻል አሉ። ምን ሊያደርግልሽ ብለው ጠየቁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20። ማምሻውን

ሄጄ መጣሁ። ወገቤ ተሰብሯል።

በጠዋቱ የሻሸመኔ ሚኒባስ፣ ጋቢና። ሾፌሩ ሆዴን አይቶ በየጉድጓዱ ይቅርታ ሲለኝ ነበር። መቂን ስናልፍ የሽንኩርት ጆንያ ከተቆለለበት አጠገብ ያየኝ እንደሆነ ብዬ ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። ሌባ እሱ፣ የምደበቅ እኔ።

አዴ ሸጊቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። በዓይናቸው አይደለም፣ በጣታቸው። ይህስ እውነት ነበር። አካም ጅርቱ አዴ ብዬ ሰላም አልኩ። የመስፍን ሚስት ነኝ አልኩ። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"አንቺ ነሽ? ልጅቷን አላስገባም ያልሽው?"

አልገባኝም። ደግመው ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር፣ ልጅህን ወስደህ አዳማ አስተምራት ሲሉት መልሱ አንድ ነበር። ሚስቴ እምቢ አለች። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ፣ እምቢ አለች። አሁን ግን ስታረግዝ ልቧ ትንሽ ተመለሰ ብሎ ነግሯቸዋል። ላገሩ ሁሉ የታወቅሁ ክፉ እንጀራ እናት ነኝ። ሳላውቅ። እኔ እዚህ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ፈተና ሳርም፣ እዚያ አንዲት ልጅ ስሜን እየፈራች ስታድግ።

"አዴ፣ ልጅ እንዳለው የሰማሁት ዘጠኝ ቀኔ ነው" አልኳቸው።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። "ያ ረቢ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ። "ሲፈን፣ ኮቱ።"

አልመጣችም። በመጋረጃው ሥር ሁለት እግር ብቻ ይታያል። ቆይታ ወጣች፤ የበሩን መቃን እንደያዘች። ግንባሩ የመ. ነው፣ ጆሮው የመ. ነው። ማንም ምስክር አያስፈልገውም። እኔን ሳይሆን ሆዴን ነበር የምታየው። ስም አልጠየቅኋትም፣ ማባበል አልሆነልኝም። እሷ ናት የጀመረችው።

"ጫማዬን አውልቄ ነው የተኛሁበት።"

"ምን ላይ?"

"አልጋው ላይ። አባዬ፣ ከቆሸሸ ትቆጣለች ብሎኝ ነበር። አላቆሸሽኩትም።"

እኔ በጭራሽ አልቆጣም፣ አልጋው ያንቺ ነው፣ አልኳት። አላመነችኝም። ምን ብላ ታምናለች። ስመለስ መንገዱ ላይ እስከ ላንጋኖ መታጠፊያ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ምጥ መስሎት መኪናውን ሊያቆም ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ጠዋት ደወልኩለት። አልጮህኩም፤ ድምፄ እኔኑ አስገረመኝ። ነገ ስትመጣ ሲፈንን ይዘህ ና አልኩት። ደስ አለው፤ በስልክ ደስታው ይሰማል። አንቺ እኮ ጥሩ ሰው ነሽ ማለት ጀመረ። አስቆምኩት። ደጃፌ ላይ ቆመህ፣ በእኔ ፊት፣ ለልጅህ ትነግራታለህ። ሚስቴ እምቢ አላለችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ትላታለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለአዴ ሸጊቱ።

ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል አለኝ።

"ያኛውን እንዴት ነገርካት?"

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይዝጋው መስመሩ ይቋረጥ እንጃ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22። ጠዋት 4፡00

እማማ አስካለ በማለዳ ደወሉ። ልጄን በልጁ ፊት አታዋርጂው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ከተደረገ ቤት አይመለስም አሉ። ይሁን አልኳቸው። በእርጋታ። እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም፤ እርስዎንም ለአራስ ቤት አላስቸግርም፣ የእናቴ እህት ከወንጂ ትመጣለች አልኳቸው። ዘጉት።

ቁልፉን ከፍቼ ክፍሉን ጠረግሁ። አንሶላ አነጠፍኩ፣ በትልቁም በትንሹም። ሁለቴ ተቀምጬ አረፍኩ፤ ወገቤ ከትናንት ወዲያ ወዲህ የእኔ አይደለም።

ለአዴ ሸጊቱም ደወልኩ። መ. ሌሊት ደርሶ ነግሯቸዋል። ቃል በቃል ምን እንዳለ ጠየቅኋቸው። አልቅሶ ነበር አሉ፤ ማልቀሱ ግን አልጠቀመውም። ልጅቷን አጥበው ጠጉሯን ሠርተውላታል። እሷ ግን ገና አልሰማችም። ለእሷ እዚህ፣ ደጃፌ ላይ ይነግራታል። ብቻውን ከመጣ ግን በሩ አይከፈትለትም፤ ነገ አክስቴን ልኬ ልጅቷን አስመጣታለሁ።

እወዳታለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ ደብተሬ። አላውቃትም። ሌሊቱን ሳስበው ጥርሴን ነክሼ ነው ያደርኩት፤ ዛሬም ሳያት የእሱን ጆሮ ሳይ ይመረኝ ይሆናል። ግን ሦስት ዓመት በስሜ የተነገረውን እምቢታ የእኔ አላደርገውም። ሲፈን እዚህ ታድራለች። እሱ መቂ ያድራል።