ለማናውቃቸው ልጆች የተቀመጥነው ለቅሶ

አቃቂ፣ ግንቦት 1953 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳህሌ። የሳሪሱ አቦ በሄድክበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አንተ ግን በላክኸው ፎቶ ላይ ከስተሃል፤ መጽሐፍ እህል አይሆንም፣ ብላ።

ደብዳቤህን የባቡር ጣቢያው ተክሌ ለእኛ ለፈትል ክፍል ሴቶች አነበበልን። እዚያ አሜሪካ፣ ጨርቅ እንዳይሰርቁ ተብሎ በር ተቆልፎባቸው ፋብሪካ ውስጥ ስለተቃጠሉት ልጃገረዶች ሲያነብ አላስቻለንም። የእኛም ክፍል በር እንደዚያው ይቆለፍ ነበር። እሑድ እኔ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን።

በሩን የሚቆልፉብን ካቦው አቶ ገብረጻድቅ የእድራችን አባል ናቸውና መቅረት አይሆንላቸውም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?» አሉ። «ካቦው ዘንድ» አልኳቸው። አቀርቅረው ወጡ። ሰኞ ስንገባ በሩ ላይ ቁልፍ የለም። አሁን ደግሞ አለቆቹ እንዳይቆጧቸው ለእሳቸው እሰጋለሁ።

ነገሩ ሃምሳ ዓመት እንዳለፈው የጻፍክበትን ገጽ ተክሌ ያነበበልን ከለቅሶው በኋላ ነው። አልተጸጸትኩም። ለአቶ ገብረጻድቅ ግን አልነገርናቸውም፤ አንተም ብትጽፍላቸው ይህን እንዳታነሳ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ የልጆቹን ስም ፈልገህ ላክልኝ። አልቅሰንላቸው ስማቸውን አለማወቃችን ነውር ነው። አንተንም በሄድክበት በር የሚከፍትልህ አያሳጣህ።

እናትህ መሰለች