ከደጄ ፊት ያለው ቦታ

ለወንጌላዊት አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞሃል? በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከብዷል ሲሉ እሰማለሁና ቀስ ብለህ ንዳ። የቤትህ ሰዎችስ እንደምን አሉ? ትንሿ ልጅ መቆም ጀመረች ሲሉኝ ደስ አለኝ። እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንጌላዊት ፈተናዋን ጨርሳ አርፋለች። ወንድሜም ከወገራ ገብስ ልኮልኛል፤ ሸጋ ገብስ ነው፣ ትንሽ እርጥበት ነበረው እንጂ።

ሐሙስ ዕለት ደውለህ የተናገርከኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። በስልክ ቃል ቶሎ እንደማይወጣልኝ ታውቃለህ፤ እኔ ሳስብ አንተ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ፊደል ከስኳር መጠቅለያ የለቀምኩ ሴት ነኝና የተጣመመውን አቅንተህ አንብበው።

«በአንድ ቃል ማኪናዬን ሜዳ ላይ ጣልሽው፤ ምነው ይህን ያህል ጨከንሽ?» አልከኝ። ቃሉ እንዴት እንደወጣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩን ሰው እድር ቤት ሰበሰቡን። ከቀበሌ የመጣው ልጅ ነገሩን አስረዳ። ከእንግዲህ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ የሚያድር ማኪና ሁሉ የማቆሚያ ፈቃድ ያወጣል፤ ክፍያው በዓመት ነው። ለአንድ ቤት አንድ ቦታ ይሰጣል። የቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ማኪና ግን እዚህ አያድርም፤ ታች ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ሜዳ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ጫጫታ ሆነ። አዳሙ፣ ያ ቪትዝ የገዛው፣ «ድንጋዩ ሲነጠፍ ሁላችንም አዋጥተናል። ዘበኛውም የሁሉንም በር ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ክፍያው በየቤቱ ይከፋፈል» አለ። እስከዳር ከጎኔ ብድግ አለች። «እኔ ያዋጣሁት ልሄድበት ነው እንጂ ያንተ ቪትዝ እንዲተኛበት ነው? ለመኝታማ ከሆነ እኔም ፍራሼን አውጥቼ ልዘርጋ!» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ክንዱ ደግሞ «አህያዬ ከደጄ ብታድር ይከፈልባታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ የምር መስሎት ወረቀቱን ሲያገላብጥ «ተወው ልጄ፣ አህያዋ ሞታለች» አሉት። መሪጌታ ሐብተ ማርያም በበኩላቸው «ታቦት ሲያልፍ መንገዱ ይለቀቃል ወይ? እሱን ጻፉልኝ፤ የቀረውን ባለ ማኪናና ባለ እግር ተስማሙበት» አሉ። በመጨረሻ የሚያቆም ይክፈል ተባለ። እኔም በልቤ ልክ ነው አልኩ።

ከዚያ ልጁ በየበሩ የሚያድረውን ማኪና ይጠራ ጀመር። የእኛ በር ሲደርስ «ይህ አይሱዙ የማን ነው?» አለ። አዳሙ በእጁ እያሳየኝ «ያቆመው የእሷ ባለቤት ነው» አለ። «ነበር በል» አለች እስከዳር። ልጁ አፈረ። «እናቴ፣ የቤቱ አባል ናቸው? አዎ ካሉኝ እመዘግባለሁ፤ ክፍያውን እሳቸው ይከፍላሉ» አለኝ።

አንተም ቀደም ብለህ «አዎ በያቸው፣ ገንዘቡ ከእኔ ነው» ብለኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ከቤት የወጣሁት አዎ ልል ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር፣ በዚያው እድር ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌዎቹ አንተን የጠየቁህ ቀን ትዝ አለኝ። አያ ክንዱም ከመካከላቸው ነበሩ። «ወደ ቤትህ ትመለሳለህ ወይ?» ሲሉህ «እኔ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ» አልክ። ድምፅህ እንኳ አልተለወጠም። እንግዲህ እኔ አዎ ብል ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም መሆናችን ነው። «ከዚያ ቤት ወጥቷል» አልኩ። ያንተኑ ቃል ነው የመለስኩት፤ ከራሴ የጨመርኩት የለም። አያ ክንዱ ቀና ብለው አይተውኝ አንገታቸውን ደፉ።

ስለ ቃሉ ይህን ያህል። አሁን የጻፍኩበትን ዋናውን ነገር ልንገርህ።

የእጅ ፍሬንህ አይይዝም። ከተሠራ ወዲህ ንቅንቅ አላለም ብለህ ለሰው ስታወራ ሰምቻለሁ። ንቅንቅ ያላለው በታኮ ነው። አንተ በወጣህበት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ማኪናው ጭነት እንደያዘ ሸርተት ብሎ አጥሬን ሲነካ ሰማሁ። ወጥቼ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅኩበት። ከዚያ ወዲህ ማታ ከደጄ አቁመህ ወደ አዲሱ ቤትህ ስትሄድ፣ ኮቴህ መታጠፊያውን እስኪያልፍ ጠብቄ እየወጣሁ አደርግለት ነበር። እስከዳር አንድ ቀን አይታኝ «ለሰው ጎማ ትንበረከኪያለሽ?» ብላ ስቃብኛለች። ጠዋት ረዳትህ ማስተዋል ሞተሩ ሲነሳ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ወደ አጥሩ ይጥለዋል። እሱ አንተ ያደረግከው ይመስለዋል። አንተ ደግሞ እሱ ያደረገው ይመስልሃል። ሁለታችሁም ስለማትጠያየቁ ይኸው ስድስት ክረምት አለፈ።

ማክሰኞ እህል ላስፈጭ ስወርድ ማኪናውን ከሜዳው ቆሞ አየሁት። ከጎማው ሥር ምንም የለም። ሜዳ ይሉታል እንጂ ቁልቁለት ነው፤ ከእኛ በር የባሰ። ከግርጌው ደግሞ የአብነት ተማሪዎቹ ጎጆ አለ። ልጆቹ ሲመሽ ደጅ ተቀምጠው ትምህርታቸውን ይቀጽላሉ፤ ጀርባቸው ወደ ማኪናው ነው። እዚያው ባገኘሁት ድንጋይ ደግፌው ተመለስኩ። ድንጋዩ ግን ክብ ነው፣ አይታመንም። ደግሞም በየቀኑ ወፍጮ ቤት የሚያስወርድ እህል የለኝም።

እባክህ ፍሬኑን አሠራው። እስከዚያው ከማስተዋል ጋር ተነጋገሩና ታኮውን ማን እንደሚያደርግ ይታወቅ። የእኛው ድንጋይ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ከጎማው ጋር ተላምዷል። ከአጥሩ ሥር አለልህ፤ መጥተህ ውሰደው። ለድንጋይ ፈቃድ አይጠየቅም።

ቦታው ምን ሆነ ትል እንደሆነ፣ የቀበሌው ልጅ ትናንት መጥቶ ነበር። አብሮት የሚኖረው የአዳሙ ወንድም ለባጃጁ ማቆሚያ ይፈልጋልና ባዶ ከሆነ ልስጠው ወይ አለኝ። ገብስ አሰጣበታለሁ አልኩት። «እናቴ፣ ገብስ እኮ ሰሌዳ የለውም» ብሎ ሳቀ። የሚያቆም ይክፈል ተብሎ የለ? እኔም ከፍዬ ፈቃዱን በስሜ አወጣሁ። እስከዳር ይህን ከሰማች ወዲህ «ማኪና የሌላት ባለ ፈቃድ» እያለች ትጠራኛለች።

አሁን ከበሩ ፊት ፀሐይ ይገባል። ከቀበሌው ልጅ በፊት አስጥቼው የነበረው ገብስ በሁለት ቀን ደርቆ ዛሬ ከተትኩት። ፈቃዱ የዓመት ነው።

ይህን ወንጌላዊት ታደርስልሃለች፤ ሻይ ሳታጠጣ አትስደዳት። ለቤትህ ሰዎች ሰላምታዬን አድርስልኝ። አምላክ ጭነትህን በሰላም ያድርስልህ፤ በዳገቱም በቁልቁለቱም እሱ ይያዝህ።

የወንጌላዊት እናት